ስለ ነብሩ ክሰሱኝ

በሰፈሩ ከነብር ጋር ፎቶ ያልተነሳ ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ከፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋር ተኳርፏል። የቀረው ሁሉ፣ ተመራቂው፣ ሙሽራው፣ ጡረታ የወጣው፣ ጥርስ ያላበቀለው ሕፃን ሳይቀር፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ እጁን ነብሩ ጀርባ ላይ ጭኖ ይታያል። ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ጀግንነት ይመስላል። የመብራቱ ሙቀት ነው።

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ ባሕርና መርከብ የተሳለበት ሸራ፣ ከሸራው ፊት ነብሩ። ነብር መርከብ አጠገብ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ደንበኛ እስካሁን አልመጣም። ባለቤቱ አምሳን የተሻገረ ቀጭን ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን ለሰው ሁሉ "ትንሽ ወደ ግራ" እያለ በማሳየት ስለኖረ አንገቱ እንደዘመመ ቀርቷል። ስሙን ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ "ግልገሉ" ነው የሚባለው። አባቱ "ነብር ገዳዩ" ይባሉ ስለነበር፣ እሱ ሲወለድ ሰፈሩ ስም ለማውጣት አልተቸገረም።

ነብር ገዳዩ በወጣትነታቸው ካሜራቸውን ተሸክመው ከገበያ ገበያ እየዞሩ ጉርድ ፎቶ ያነሱ ነበር። እንደሚወራው፣ አንድ ቀን ጫካ ለጫካ ሲሄዱ ነብር ዘሎ ጉብ አለባቸው። በእጃቸው የነበረው ባለሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ ብቻ ነው። በአንደኛው እግር ጉሮሮውን፣ በሁለተኛው ልቡን አገኙት። ሦስተኛው እግር የሠራው ሥራ እንደ ተራኪው ይለያያል። ታሪኩን ከሁሉ አሳምረው የሚያወሩት ደግሞ እናትየው ናቸው። እሳቸው ሲያወሩት ነብሩ ከዓመት ዓመት ያድጋል፤ በቅርብ ጊዜማ በበር የማይገባ ሆኗል።

እናትየው የተዳሩትም በዚሁ ነብር ነው። ለጋብቻ ሁለት ሰው ፈልጓቸው ነበር፤ አንዱ ወፍጮ ቤት ያለው፣ አንዱ ካሜራና ነብር ያለው። "ዱቄትማ ማንም ያመጣል" ብለው ነብር ያለውን አገቡ። ባለወፍጮው ኋላ ሁለት ሕንፃ ሠራ። እናትየው በሕንፃዎቹ በር ባለፉ ቁጥር ነብሩን እያሰቡ ቀና ብለው ነው የሚሄዱት።

ነብሩ ጥጃ ነበር።

ቆዳ ፋብሪካ "አይሆንም" ብሎ የጣለውን የጥጃ ቆዳ አባትየው በርካሽ ገዝተው፣ ገለባ ጠቅጥቀው፣ ለዓይኑ ብይ፣ ለጺሙ የመጥረጊያ ጭራ፣ ለጥርሱ ሻማ ቀርጸው የሠሩት ነው። ለፎቶ ቤት መክፈቻ ደንበኛ መሳቢያ ይሆናል ብለው ነበር፤ ሚስትም ሳበላቸው። ሊሞቱ ሰሞን ልጃቸውን ጠርተው፣ "ቤቱ ያንተ ነው፣ ካሜራውም ያንተ ነው፣ እናትህን አደራ" አሉት። ከዚያ በጆሮው ጠጋ ብለው፣ "ነጥቦቹን በዓመት አንዴ አድሳቸው። ጥቁር የጫማ ቀለም ነው፤ ቡኒ እንዳትቀላቅልበት" አሉት። ግልገሉ አባቱ የሚቃዡ መስሎት አለቀሰ። ከቀብር በኋላ ነብሩን ገልብጦ ሲያይ ዕንባው ደረቀ።

ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባላል። ይሄኛው ግን በዝናብ ወራት ይለቅ ነበር፤ ነጭ ለብሶ የመጣ ሙሽራ እጅጌው ላይ ጥቂት ነብር ይዞ ይሄዳል። ግልገሉ በዓመት አንዴ በሩን ዘግቶ፣ ክር እንደሚያስገባ ሰው አጎንብሶ፣ ነጥብ በነጥብ ያድሳል። ሚስቱ ነገሩን የደረሰችበት በጫማው ነው። ይህን ያህል የጫማ ቀለም ባለቀበት ቤት አንድም የሚያብለጨልጭ ጫማ አለመኖሩ አሳሰባት። ጠየቀችው፤ ነገራት። "እሺ" አለች። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን የምትገዛው እሷ ሆነች።

እንዲህ ሆኖ በሰላም ይኖር ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ባለኮምፒውተሩ ባይመጣ። ባለኮምፒውተሩ አንበሳ ለፈለገ አንበሳ፣ ጨረቃ ላይ መቆም ለፈለገ ጨረቃ፣ የሞተ አባት ለናፈቀው አባት ከጎኑ ያቆምለታል። የግልገሉ ደንበኛ ሳሳ። ቅናት ያዘው። ቅናት ደግሞ ያልጠየቁትን ያናግራል፤ አንድ ጠዋት በትልቁ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ፦ "እውነተኛ ነብር! አባቴ በእጃቸው የገደሉት! የኮምፒውተር ሥራ አይደለም!" ከሦስቱ እውነት የነበረው የመጨረሻው ብቻ ነው። ደንበኛ ግን ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ወጣ። ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትን ማደን፣ መግደል፣ ቆዳቸውን፣ ቀንዳቸውን፣ ጥርሳቸውን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ያስቀጣል፤ ቅጣቱም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እስራት ነው። ከድሮ ጀምሮ በቤቱ ያለ ሰው አቅርቦ ያስመዝግብ ተባለ። ጎረቤቱ ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ሮጦ መጣ።

"ግልገሉ! ሬዲዮ ሰማህ? ስምህን ሊጠሩ ትንሽ ነው የቀራቸው!"

"ሰምቻለሁ።"

"አታስመዘግብም?"

"አስብበታለሁ" አለ ግልገሉ። የሚያስበው ነገር አልነበረውም፤ ጥጃ አይመዘገብም። ማስታወቂያውን ለማንሳት ግን ሁለት ሦስቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ወርዷል። ቢያነሳው ሰፈሩ "ለምን አነሳህ?" ይላል። የዚህ ሰፈር "ለምን" ደግሞ መልስ እስኪያገኝ ውሃ አይጠጣም። ተወው።

የዱር እንስሳት ጥበቃ ተቆጣጣሪዋ የመጣችው በቀን ብርሃን ነው። ካኪ ለብሳለች። ፊቷ የልጅ፣ ትዕግሥቷ የሽማግሌ። ማስታወቂያውን ከመንገድ ላይ ቆማ አነበበች፤ ያላመነች ይመስል ደገመችው። ከዚያ ገባች።

"ይሄ የማነው?"

"የአባቴ" አለ ግልገሉ።

"ፈቃድ አለው?"

"አባቴ?"

"ነብሩ።"

"ነብሩ ሞቷል።"

"እሱን አይቻለሁ" አለች ተቆጣጣሪዋ።

እናትየው እንደ ወትሯቸው በር አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የፎቶ ፍሬም ይወለውሉ ነበር። ነብር ሲነሳ እሳቸው ዝም ማለት አይችሉም።

"ጠይቂኝ ልጄ፣ እኔን ጠይቂኝ! እሱ ምን ያውቃል፤ አልተወለደም።"

"ማን ገደለው፣ እማማ?"

"ባለቤቴ ነዋ! በአንድ ምት! ... አይ፣ በሁለት። ጻፊ፣ በሁለት በይ።"

"እማዬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?" አለ ግልገሉ።

"ውሃህን ራስህ ጠጣ። ጻፊ ልጄ። ነብሩ ሴት ነበረች የሚሉም አሉ። ውሸት ነው፤ ወንድ ነው። ይሄን የሚያህል ጥፍር! ሌላም ደቦል ነበረው አብሮት፣ እሱን ግን ራርቶ ለቀቀው።"

ደቦሉን ግልገሉም ገና መስማቱ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ሁሉንም ጻፈች። እናትየው ባልየውን ባሞገሱ ቁጥር ልጃቸው አንድ እርምጃ ወደ እስር ቤት ይጠጋል፤ እሳቸው ግን የታሪካቸው መጨረሻ ሳይደርስ አልቆሙም። ሲጨርሱ ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን ከደነች።

"ገዳዩ ስለሞቱ አይከሰሱም። ይዞ የተገኘው ግን ይጠየቃል። ነብሩን እወስደዋለሁ። ነገ እርስዎ ቢሮ ይቅረቡ፤ እማማም ለምስክርነት ይምጡ።"

ነብሩ ተቆጣጣሪዋ በመጣችበት መኪና የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሄደ። ኋላ አልገባ ብሎ ነው። መንገዱ ሙሉ ሰው እጁን አውለበለበለት።

ሱቁን ሲዘጉ ሚስቱ ቁልፉን እያቀበለችው፣ "ነገ ጥጃ ነው በልና ይዘኸው ና" አለች።

"እማዬስ?"

"እስር ቤት ብትገባ ስንቅ የሚያመላልሱት ማን መሰለህ? እኚሁ እማማ ናቸው።"

"በዚህ ዕድሜዋ አባቴ ጥጃ ገዳይ ነበር ልበላት?"

"ጥጃም አልገደሉም" አለች ሚስቱ። "የገዙት ሞቶ ነው።"

በማግሥቱ እናትየው ለሠርግ የሚለብሱትን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው መጡ። የቢሮው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ከወንበሩ ሥር ከኮንትሮባንዲስቶች የተያዘ ዔሊ ይዘዋወራል፤ ክሱ እስኪያልቅ ኑሮው እዚያው ነው። ዔሊው ይፈጥናል ወይስ ክሱ የሚለው ገና አልታወቀም። እናትየው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ለዔሊው አነሱለት። ግልገሉ ብቻውን ተጠርቶ ገባ።

ነብሩ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ከላዩ አምፖል በርቷል። ግልገሉ እንደ ልማዱ "መብራቱ በዝቶበታል" ሊል ነበር፤ ተወው።

"ጆሮው ላይ ቀዳዳ አለ" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ለከብት ቁጥር የሚንጠለጠልበት ዓይነት።"

"ነብሩ ሥርዓት የነበረው ነው።"

"ታፋው ላይ ደግሞ የጋለ ብረት ምልክት አለ።"

"ጠባሳ ነው። ከአባቴ ጋር ሲታገሉ።"

"ጠባሳው ቁጥር ነው፣ ጋሼ።"

ከነብሩ አፍ አንድ የሻማ ጥርስ ከአምፖሉ ሙቀት ቀልጦ ጠብ አለ።

"ጥጃ ነው" አለች። "ክስ የለም። ውጤቱን ፈርመው ይውሰዱት።"

"ነብር ነው" አለ ግልገሉ።

"ጥጃ ነው ስልዎት።"

"የኔ እህት፣ ነብር ነው። ስለ ነብሩ ክሰሱኝ። ቅጣቱን እቀበላለሁ፤ እስሩንም ቢሆን፣ ብቻ ብዙ ባይሆን።"

ተቆጣጣሪዋ በሥራዋ ነብሩን ፍየል ነው የሚል፣ የዝሆን ጥርሱን ፕላስቲክ ነው የሚል ብዙ ሰው አይታለች። የተገላቢጦሹን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

"ጥጃ ለመጥፋት አልተቃረበም" አለች።

"ለኔ ተቃርቧል። እናቴን አይተሻል፤ ውጭ ተቀምጣለች። ይሄንን ነብር ብላ ነው ያገባችው። ይሄንን ነብር ብላ ነው በድህነት የኖረችው። አሁን በሕግ ማህተም ጥጃ ነው ስትባል ምን ትሁን?"

"አዝናለሁ፣ ጋሼ። ሕጉ የሚጠብቀው ነብርን ነው፤ አባትዎን አይደለም።"

"አንድ ነብር ብትጨምሩ ምን ይጎዳል? ብዙ ነው ያላችሁ።"

"ብዙማ ቢሆን አዋጅ ባልወጣ" አለች። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላላ ሆነ። "የቀሩት ጥቂት ናቸው። ይሄን ነብር ብዬ ብመዘግበው አንድ ነብር ተገደለ ማለት ነው። ባልሞተ ነብር ላይ ሞት ልጽፍ?"

ስለ ሌላ ሰው አባት ቢሆን ኖሮ ግልገሉም የሚለው ይሄንኑ ነው።

"እማማ ነብር ተገደለ ብለው መስክረዋል" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ውጤቱ ሊነበብላቸው ግድ ነው። ወይ እኔ አነብላቸዋለሁ፣ ወይ እርስዎ አስቀድመው ይነግሯቸዋል።"

ከወንበሩ ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት። ኮሪደሩ ላይ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ።

"ፈቱት?" አሉ እናትየው።

"እማዬ፣ ነብሩ ጥጃ ነው።"

"ምን?"

"ጥጃ። አባዬ ከቆዳ ፋብሪካ ገዝቶ ነው የሠራው። ነጥቡ የጫማ ቀለም ነው።"

እናትየው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ዔሊውን አዩት። ዔሊው ግድግዳውን ደርሶ ለመዞር እየሞከረ ነበር፤ ዞሮ እስኪጨርስ በዓይናቸው ተከተሉት።

"ወፍጮ ቤቱን የመለስኩት ለጥጃ ነው?"

"አዎ።"

"ሌላ ማን ያውቃል?"

"እኔ። ተቆጣጣሪዋ። ባለቤቴም።"

"ባለቤትህ!"

"ቀለሙን የምትገዛው እሷ ስለሆነች..."

"እኔ አብሬው አርጅቼ ሳላውቅ፣ ትናንት የመጣችው ታውቃለች!" እናትየው ተነሱ፤ መልሰው ተቀመጡ። ያ ሁሉ ዓመት በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ ያወሩት ታሪክ አንድ ባንድ ፊታቸው ላይ ሲያልፍ ይታይ ነበር። ደቦሉም አለፈ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦ "አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አባትህ የዋሸኝ ንቆኝ ነው?"

ግልገሉ ይሄን ነበር ከእስር ቤቱ በላይ የፈራው።

"ወፍጮ ቤቱን ፈርቶ ነው" አለ።

እናትየው መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸው ላይ ያዙ። ይሳቁ ያልቅሱ ልጃቸውም አላወቀ፤ እኔም ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሲጨርሱ ገብተው ፈረሙ። ተቆጣጣሪዋ ማስታወቂያው ዛሬውኑ እንዲወርድ ነገረቻቸው፤ "የዱር እንስሳ ገድዬ ይዣለሁ እያሉ ደንበኛ መጥራት፣ ባይገድሉም፣ ሌላውን ያስገድላል" አለች። እናትየው "እኔው አወርደዋለሁ" አሉ።

ነብሩን ታክሲ ላይ ጭነው ሲመለሱ ሰፈሩ በሩ ላይ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ጸጉር አስተካካዩ ነበር፤ ባለኮምፒውተሩ ነበር፤ ሥራ ያለውም የሌለውም ነበር። ነብሩ ከታክሲው ሲወርድ ተጨበጨበ።

"ስንት ሰጣችሁ?" አለ ጸጉር አስተካካዩ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ማዶ ይሰማል።

"ምንም" አለ ግልገሉ። "ጥጃ ነው ብለው መለሱልን።"

ሰዉ ሳቀ። ጸጉር አስተካካዩ ዓይኑን ጠቀሰው። "ጥጃ አስብላችሁ አስወጣችሁት! አይ ግልገሉ! አባትህም እንደዚሁ ጮሌ ነበሩ።"

"ጥጃ ነው" አሉ እናትየው።

"እማማ ደግሞ ያውቁበታል!"

"ጥጃ ነው ስላችሁ! ባለቤቴ ነብር አልገደለም። ከፋብሪካ ገዝቶ ነው።"

ነብሩ ከቤት አልፎ ሰማይ ሲያክል ያመናቸው ሰፈር፣ አሁን ጥጃ ሲሉት አላመናቸውም። ባለኮምፒውተሩ ከማዶ ተሻግሮ መጥቶ፣ "ቢሆንም ለባለሥልጣን ጉቦ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የሚጠይቅ አካል አለ" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

"አንተ ነብር አየኝ በል!" አሉ እናትየው።

ማስታወቂያውን ከነሚስማሩ ገንጥለው ጣሉት። ከዚያ መሐረባቸውን ጸጉር አስተካካዩ ከያዘው የውሃ መርጫ ሥር ዘረጉ። "እርጭ" አሉት። ረጨ። ነብሩን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ከትከሻው ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ሲያሹት አንዱ ነጥብ ተስቦ ጅራት አወጣ፤ በሦስተኛው ጠፋ። ከሥሩ ቡላ፣ ተራ የጥጃ ጸጉር ወጣ። ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለ። ሌላው ነጥብ ሄደ። ሌላው ሄደ። መሐረቡ ጠቁሮ ጠቁሮ ከነብሩ በላይ ነብር መሰለ።

ጸጉር አስተካካዩ ጎንበስ አለ። "እማማ፣ ይቺን ብቻ ይተዉልኝ። ከልጄ ጋር የተነሳነው እዚህች ጋ እጄን አድርጌ ነው።"

"ልጅህ እውነት ነው" አሉ እናትየው፤ እያሹ። "እሱ ይበቃሃል።"

ባለኮምፒውተሩ ሳይሰናበት ወደ ማዶ ተሻገረ። ግልገሉ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል። የአባቱ አደራ ነበር፤ የራሱም የስንት ዓመት እጅ ሥራ ነው፤ የነገ ደንበኛም አለ። አፉን ከፈተ። የእናቱን እጅ ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሚስቱ ከውስጥ ወጣች። እናትየው ቀና ብለው አይተዋት፣ "ቀለሙን አንቺ ገዛሽ፣ ሳሙናውንም አንቺ አምጪ" አሏት። አመጣች። ከሳሙናው ጋር ወንበራቸውንም አመጣችላቸው።

ግማሽ ጎኑ ሲያልቅ እጃቸው ደከመ። ተቀመጡ። መሐረቡን ጨምቀው ለልጃቸው ሰጡት።

"ነገ ጠዋት ተመራቂዎች አሉኝ፣ እማዬ" አለ ግልገሉ።

"ከጥጃ ጋር ይነሳሉ። ጥጃ ምን አለው?"

ተንበርክኮ ማሸት ጀመረ። ቀለሙ ከላይ የእሱ ነው፤ ከሥር የአባቱ። የአባቱ በቀላሉ አይለቅም ነበር። ሳሙናውን ጨመረ። ሰዉ አንድ በአንድ ወደየሥራው ሄደ፤ እናትየው ግን ወንበራቸውን አስጠግተው ቁጭ አሉ።

"በደንብ እሸው" አሉት። "አንገቱ ሥር ቀርቷል።"